ራሱና ጭራው ሳይገናኙ

እኔ ፈሪ ነኝ። ፈሪ መሆኔን ለመናገር አላፍርም፤ የማፍረው ፍርሃቴ ባሠራኝ ሥራ ነው። እባብ እፈራለሁ፣ ታንኳ ላይ መውጣት እፈራለሁ፣ ስልክ ያለ ሰዓቱ ሲጮኽ እፈራለሁ፣ ከሁሉም በላይ ግን ሐኪም ቤት እፈራለሁ። ባሌ «አንች እኮ ጥላሽ ቢከተልሽ ለፖሊስ የምታመለክች ሴት ነሽ» እያለ ይስቅብኛል።

ባሌ ሾፌር ነው። በአይሱዙ እህልና ሸቀጥ ጭኖ ወደ ጎንደርና መተማ ይመላለሳል። መንገዱ ሰላም ሲሆን በሳምንት አንዴ ቤቱ ይገባል፤ ሲዘጋ ደግሞ እግዜር በፈቀደ ጊዜ። እኔ የምሠራው ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ነው። አንሶላ፣ ፎጣ፣ የጠረጴዛ ልብስ ስናጥብና ስንተኩስ እንውላለን። ከበረኪናው ብዛት እጄ የእኔ አይመስልም። ይህን ሥራዬን ያዙልኝ፤ ኋላ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በጽጌ ወር፣ እሑድ ቀን፣ ከዓባይ ማዶ ወዲያ ባለ አንድ የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ነው። ቅዳሴ አልቆ ሰዉ ወደየቤቱ ሲበተን፣ ጫማዬ እግሬን ልጦኝ ስለነበር ከደኑ ሥር ወደምታልፈው ጅረት ወረድኩ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው። ጅረቷ ሞልታ፣ ዳርዳሯ ጭቃና የበሰበሰ ቅጠል ሆኗል። ከአንድ ዋንዛ ሥር ተቀምጬ እግሬን ውኃው ውስጥ ነከርኩ፤ ነጠላዬንም አጥፌ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። አንገቴ ላይ የቀረችው ባሌ ከመተማ ያመጣልኝ ቢጫ ሻርፕ ብቻ ነበረች።

ጥቂት እንደቆየሁ አንገቴ ላይ አንድ ነገር ሲሄድ ተሰማኝ። ማንም ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ። በሻርፑ መታሁት፤ መትቼም አልቀረሁም፣ ይዤ ፈተግኩት። ገልጬ ሳየው የማላውቀው ነገር ነው። ቁመቱ ከሩዝ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ጭንቅላቱ ጥቁር፣ አንገትጌው ብርቱካን፣ መሃሉ ሰማያዊ የሚያብለጨልጭበት ጥቁር፣ ሆዱ እንደገና ብርቱካን፣ የጭራው ጫፍ ደግሞ ጥቁር። ጉንዳን እንዳልል ጉንዳን እንዲህ አጊጦ አያውቅም። እግሮቹ ተሰባብረው ስለነበር ስንት እንደሆኑ መቁጠር አልቻልኩም። እዚሁ ከተማ ተወልጄ፣ የሐይቁ ዳር ትንኝና ተርብ እየበላኝ አድጌ፣ ይህን አንድም ቀን አላየሁትም። ከፋኝና አራገፍኩት። ሻርፔንም መልሼ ጠመጠምኩ።

ሰኞ ጠዋት አንሶላ ስተኩስ አንገቴን አቃጠለኝ። መጀመሪያ የካውያው ሙቀት መሰለኝ፤ ቆይቶ ግን በርበሬ የተደፋብኝ ያህል ይፋጅ ጀመር። መስታወት ፊት ሄጄ ሻርፑን ብፈታ ከግራ ጆሮዬ ሥር የተነሣ ቀይ መስመር ወደ ጉሮሮዬ ይመጣል። አለንጋ ያረፈበት ይመስላል። አብራኝ የምትተኩሰው ሴት ከኋላዬ መጥታ አየችውና አንድ እርምጃ ወደኋላ አለች።

«አልማዝ ባለጭራ ነው» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሐኪም ቤት ሂጅ።»

«ካውያ ነው የነካኝ» አልኳት። ሻርፔንም ከፍ አድርጌ አሰርኩ።

አልማዝ ባለጭራን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ቆዳ ላይ እንደ እሳት የሚፋጅ መስመር ሆኖ ይወጣል። ራስና ጭራ አለው፣ ሰውነትን ይዞራል፣ ራሱና ጭራው የተገናኙ ዕለት ሰውየው አለቀለት ይባላል። ይህን ከሕፃንነቴ ጀምሮ የሰማሁት ነው። ሁለተኛው ወሬ የመጣው ልጃገረድ ሳለሁ ነው። ያን ጊዜ አንድ ሰው ላይ ይህ ነገር ሲወጣ ጎረቤት እርስ በርሱ ይተያይ ነበር። ኤችአይቪ ማለታቸው ነው፤ ግን ስሙን የሚጠራ አልነበረም፣ «ያ በሽታ» ነበር የሚባለው። በሰፈራችን አንዲት ሴት ግንባሯ ላይ ወጥቶባት ፊቷን በነጠላ ሸፍና ትሄድ ነበር። ወንፊቷን የሚዋስ ጠፋ። እኔም ሳያት መንገድ እሻገር ነበር። ያችን ሴት ለሃያ ምናምን ዓመት አስታውሻት አላውቅም፤ በዚያ ሰኞ ግን ከመስታወቱ ፊት ቆሜ ትዝ አለችኝ። ፈራሁ። የአንሶላ ክምር ላይ ተቀመጥኩ።

ቤት ስገባ አማቴ አሉ። የባሌ እናት ናቸው፤ ለዓይናቸው ሕክምና ከሐይቁ ማዶ ከደልጊ መጥተው እኛ ዘንድ ከረሙ። ዓይናቸው ደክሟል ቢባልም ማየት የሚፈልጉትን አይስቱም።

«ነይ እስቲ፣ ያን ጨርቅ ፍችው» አሉኝ።

ፈታሁት። መስኮቱ ዘንድ ወስደው አንገቴን አዙረው አዙረው አዩ።

«ሸረሪት ናት» አሉ። «ሽንቷን ስትለቅብሽ እንዲህ ያወጣል። እኛ አገር አንዱ ወገቡ ላይ ወጥቶበት፣ ዞሮ የገጠመ ዕለት አሳ ሊያጠምድ እንደወጣ ታንኳው ላይ ቀረ።»

«እማ፣ ምነው እንዲህ ያለ ነገር ይነግሩኛል?»

«እንድታውቂው ነዋ።»

ከዚያ ያደረጉትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። የመስመሩን ሁለት ጫፍ ፈልገው አገኙና ገና ያልተነካውን የአንገቴን ዙሪያ በጣታቸው ይለኩ ጀመር። የእጃቸው ቆዳ ሻካራ ነው፣ አለካካቸው ግን ቀስ ያለ ነበር። «አሥራ አምስት ጣት ቀርቷል» አሉ። «በየጧቱ እያየን ነው።»

ማታ ባሌ ከጎንደር ደወለ። እናትህ አልማዝ ባለጭራ ወጣብሽ ይሉኛል አልኩት፣ እየሳቅሁ ለመናገር ሞክሬ። መስመሩ ጸጥ አለ። የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለ። ቆይቶ፣ «ሰው አይቶታል?» አለኝ።

«እናትህ አይተውታል።»

«ሌላ ሰውስ?»

ያምሻል ወይ አላለኝም። ዓርብ እገባለሁ ብሎ ዘጋ። እኔም ስልኩን ይዤ ቆምኩ። ባሌ ወሬኛ ሰው ነው፤ ስለ አንድ ጎማ መተንፈስ ሩብ ሰዓት የሚያወራ ሰው ነው።

አንሶላ መተኮስ ለጥርጣሬ የተመቸ ሥራ ነው። እጅ ይሠራል፣ ልብ ይዞራል። ማክሰኞ አሥራ ሦስት ጣት፣ ረቡዕ አሥር ጣት ቀረ። እኔ በካውያው ፊት ቆሜ የባሌን መንገድ ከተማ በከተማ እሄድበታለሁ። መተማ ሁለት ሌሊት ያደረው መቼ ነው? ባለፈው ስልኩ ቀኑን ሙሉ ለምን ተዘጋ? ይህችን ሻርፕ ያመጣልኝስ ምን በዓል ነበርና ነው? በዓመት በዓል እንኳ ካልወተወትኩት ስጦታ የማያውቅ ሰው ድንገት ቢጫ ሻርፕ ይዞ ገባ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ያችው ሻርፕ ምስክር ሆና አንገቴ ላይ ተቀመጠች። አወልቃት እንዳልል ቁስሉ ይታያል። እሷኑ በየጧቱ አጥብቄ እያሰርኩ እወጣለሁ።

መስመሩ በሁለቱም ጫፍ ይረዝም ጀመር። ውኃ የቋጠሩ ትናንሽ ነጥቦችም አወጣ። ጤና ጣቢያው ከቤታችን የአጭር ባጃጅ መንገድ ነው። ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። የፈራሁት ቁስሉን አይደለም፤ «ደምሽን እንየው» መባልን ነው። ደሜ ውስጥ የባሌን ሚስጥር የሚያገኙ መሰለኝ። ዛሬ መድኃኒቱ አለ፣ ሰው ወልዶ ከብዶ ይኖራል፣ ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ለሌላ ሰው ሲሆን እንደውም አስተምራለሁ። ለራሴ ሲሆን ግን እውቀቴ ሁሉ ከበሩ ላይ ጥሎኝ ሄደ።

ረቡዕ ማታ እራት ላይ አማቴ እጃቸውን እየታጠቡ፣ «ሆቴል ስንት ዓይነት ሰው ያድራል አይደል?» አሉኝ።

ወዴት እንደሆነ ገባኝ። እኔ ልጃቸውን ስጠረጥር እሳቸው እኔን ይጠረጥራሉ።

«ያድራል» አልኩ። «እኔ ግን የማውቀው አንሶላውን ነው።»

«ምን አልሁሽ? አንድ ነገር አልሁሽ?»

«መኪናም ብዙ ቦታ ያድራል እማ።»

እጃቸው ላይ ያለው ውኃ እየተንጠባጠበ ቆዩ። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገርንም። እንዲያም ሆኖ ሐሙስ ጠዋት መስኮቱ ዘንድ ቆመው ጠበቁኝ። ኩርፊያችንን ይዘን ለኩኝ። ለሌላው ነገር ዝም ቢሉም ይህን ግን መናገር ግድ ሆነባቸው፤ «ስድስት» አሉ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ከወረታ ሩዝ የምታመጣልን ነጋዴ መጣች። ጠና ያለች እስላም ሴት ናት፤ በየሁለት ሳምንቱ በሰፈራችን እየዞረች ታራግፋለች፣ ከአማቴም ጋር ጨዋታ ይወዳሉ። ጆንያውን ልቀበላት ጎንበስ ስል ሻርፔ ተንሸራተተች። ሴትየዋ ሳትደነግጥ፣ ሳትሸሽ፣ አገጬን ይዛ ቀና አደረገችኝ።

«ውይ፣ ፈጂዋ አገኘችሽ? የት ሄደሽ?» አለችኝ።

«የቷ ፈጂ?»

«የሩዝ ማሳዋ ናታ። ጥቁርና ቀይ የሆነች፣ ጉንዳን የምትመስል። እኛ ዘንድ ሩዙ ሲደርስ መቼ ጠፍታ። አትነድፍም፣ አትነክስም፤ ደሟ ነው የሚያቃጥል። እኛ እፍ ብለን ነው የምናባርራት። የመታት ሰው ነው የሚፋጅ። መትተሻታል?»

«ፈትጌያታለሁ።»

«ኧግ፣ በገዛ እጅሽ ነዋ» አለችና ጆንያዋን ታስተካክል ጀመር። ለእሷ ነገሩ ያለቀ ነው።

አማቴ ግን አልለቀቁም። «ሸረሪት ናት እኮ» አሉ።

«እማ፣ ሸረሪት እንዴት ትሆናለች? ትበራለች እኮ። ክንፏን ጀርባዋ ላይ አጥፋ ሸሽጋ ነው የምትሄድ፤ ሲመሽ ወደ መብራት ትመጣለች።»

አማቴ አሰቡ። «ሸረሪትማ ክንፍ የላትም» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ከረቡዕ ማታ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ «አንች፣ ያየሻት ነገር ክንፍ ነበራት?» አሉኝ።

አላየሁም። ያየሁት የተጨፈለቀ ነገር ነው፤ ክንፍ ግን ትዝ አላለኝም። ነጋዴዋ ልቤን እንዲሁ ልታሳርፈኝ ብላ ይሆን? እኔ ያገኘኋትና እሷ የምትላት አንድ መሆናቸውን በምን አውቃለሁ? ክንፍ ካላት ባሌም ንጹሕ ነው፣ እኔም ንጹሕ ነኝ። ከሌላት ደግሞ ስድስት ጣት ነው የቀረኝ። የአንድ ቤት ትዳር በዚያች የሩዝ ፍሬ በምታህል ነገር ጀርባ ላይ ተንጠለጠለ።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ጣት ቀርቶ ነበር። ከሥራ አስፈቀድኩና ባዶ የማር ብርጭቆ ከነክዳኑ በፌስታል ይዤ ወደ ደኑ ሄድኩ።

በዚህ ዘመን ብቻውን ደን የሚገባ ሰው ሰው ያስፈራዋል፣ እሱም ሰው ያስፈራል። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ስወርድ አንድም ሰው አልነበረም። ጦጣዎቹ ከላይ ቅርንጫፍ ሲያንገጫግጩ ልቤ ይዘላል። ለእኔ እባብ ያለበት የሚመስለኝ ቦታ ሁሉ የዚያን ቀን እጄን የምሰድበት ቦታ ሆነ። በጉልበቴ ተንበርክኬ የበሰበሰውን ቅጠል በእንጨት እየገለበጥኩ ጅረቷን ተከተልኩ። ትል፣ ጉንዳን፣ ደረቴ ላይ ልትወጣ ጥቂት የቀራት አንዲት እንቁራሪት አየሁ። ፈጂዋን ግን አላገኘኋትም። ፀሐዩ ከፍ አለ። አንገቴ በላብ ሲርስ እሳቱ ጨመረ፤ የቀሩት ሦስት ጣቶች እየተበሉ ያሉ መሰለኝ። አንድ ሁለት ጊዜ «ተመለሽ» አልኩ ለራሴ። ወደ የት እንደምመለስ ግን አላውቅም።

ያገኘኋት መፈለግ ትቼ እዚያው ዋንዛ ሥር ስቀመጥ ነው። ከእግሬ አጠገብ በጭቃው ላይ ትሮጣለች። ጥቁር፣ ብርቱካን፣ ጥቁር፣ ብርቱካን፣ ጥቁር። ጭራዋን እንደ ጊንጥ ሽቅብ ታነሣለች። ብርጭቆውን ደፋሁባት። ቀስ ብዬ ክዳኑን ከሥሯ አሾልኬ ገለበጥኩት፣ አነሣሁት፣ ወደ ብርሃን ያዝኩት።

እግሯ ስድስት ነው። ሸረሪት እንዳልሆነች ያን ጊዜ ማወቅ ይገባኝ ነበር፤ የተማርኩት ነው። ግን አማቴ ያሉት ክንፍ ነው፣ የእኔም ልብ የያዘው ክንፍ ነው። ጀርባዋን አየሁ። ከአንገቷ ሥር ሁለት ትናንሽ ሰማያዊ ሽፋኖች አሉ፤ ከዚያ በታች ሆዷ ራቁቱን ነው። ክንፍ የሚቀመጥበት ቦታ የላትም። ክዳኑን ትንሽ ከፈት አድርጌ እፍ አልኩባት። ጭራዋን አነሣች እንጂ ምንም አላደረገችም። አንገቴን ያዝኩ። ማልቀስ ጀመርኩ፣ ደግሞም በንዴት ነበር፤ በነጋዴዋም፣ በባሌም፣ በራሴም ተናደድኩ።

ሣር ቆርጬ በክፍተቱ አስገባሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ልገድላት ነበር። እሷ ግን ሣሩን ይዛ ወጣች፣ ወጣች፣ ጫፉ ላይ ስትደርስ የምትሄድበት አጣች። ያን ጊዜ ሁለቱ ሰማያዊ ሽፋኖች ተከፈቱ። ከሥራቸው አንድ ስስ ነገር ተዘረጋ፣ ከዚያ እንደገና ተዘረጋ፣ ከእሷ ቁመት የሚተካከል ክንፍ ሆነ። እኔ አንሶላ ሳጣጥፍ የምኖር ሴት ነኝ፤ ያ ሁሉ በዚያች የሰሊጥ ፍሬ በማታህል ኪስ ውስጥ እንዴት ታጥፎ እንደተቀመጠ እስካሁን አይገባኝም። ተነሥታ በረረች፣ ከብርጭቆው ጋር ተጋጨች፣ ወደቀች፣ ክንፏን በጭራዋ እየገፋች መልሳ አጠፈችው። ክዳኑን ገጠምኩ።

ከዚያ ደን ደረቅ እንጨት እንኳ አይወጣም፤ የታቦቱ ነው። ብድግ ብዬ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞርኩና ጮክ ብዬ፣ «ይችን ብቻ ልውሰድ፣ እመልሳታለሁ» አልኩ። ሰው ቢያየኝ ያበድኩ ይመስለው ነበር።

የጤና ጣቢያውን በር ሩጬ ነው የገባሁት። ተረኛዋ ነርስ ብርጭቆውን ተቀብላ በስልኳ መብራት አየቻት፤ ከዚያ አንገቴን አየች። ነጋዴዋ ያለችውን ራሱን ነገረችኝ። ደሟ ቆዳ ያቃጥላል፣ ውኃ ዳርና እርጥብ ቦታ ትኖራለች፣ ክረምት ሲወጣ ትበዛለች።

«አልማዝ ባለጭራ የሚወጣው በአንድ ጎን ነው» አለችኝ። «የሰውነትን መሃል አልፎ አይዞርም። ራሱና ጭራው ተገናኙ የሚባለው የሰው ወሬ ነው። እሱም ቢሆን ማንንም ይይዛል፤ ሁልጊዜ የምታስቢው ነገር ምልክት አይደለም።»

የማስበውን አልነገርኳትም ነበር።

«አንድ ያልገባኝ ግን» አለች፣ «አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ የነካሽ በየቀኑ ለምን ጨመረ? በምን ነበር የምትሸፍኝው?»

ሻርፑን አሳየኋት። ዘርግታ አገላበጠችው። እጥፋቱ ውስጥ ትንሽ ብርቱካን የደረቀ ነገር ተለጥፏል።

«ይህን አጥበሽዋል?»

ከሰኞ እስከ ሐሙስ የማላውቃቸውን ሰዎች አንሶላ በፈላ ውኃ ስቀቅል ውዬ፣ ያችን ሻርፕ አንድ ጊዜ ውኃ አላስነካኋትም። ቁስሉን እንድትደብቅልኝ በየጧቱ የማስራት እሷ ራሷ ናት ያቆሰለችኝ። ነርሷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቅባት ሰጠችኝ። «ደምሽንም ማየት ከፈለግሽ ዛሬ ይቻላል» አለችኝ። ሌላ ቀን አልኳት። ምን ያደርግልኛል? ፈጂዋ በብርጭቆ ውስጥ ሁላችንንም ነጻ አውጥታናለች።

በባጃጅ ስመለስ ነፋሱ አንገቴን ሲነካው አቃጠለኝ፤ ግን ያ ማቃጠል ደስ አለኝ። ባሌን በልቤ ይቅርታ ለመንኩት። ስለ መተማ ሌሊቶቹ፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ ሻርፑ፣ አንድ በአንድ ለመንኩት። ቤት ገብቼ ሻርፑን ሦስት ጊዜ በሳሙና አጠብኩና አሰጣሁ። አማቴ ብርጭቆውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ ቆዩ። ክንፏን አላሳየቻቸውም፤ እኔ ግን ሣሩ ላይ የሆነውን ነገርኳቸው። «ተመስገን» አሉና፣ ትንሽ ቆይተው፣ «የሆቴሉን ነገር ያልሁሽ ክፉ አስቤ አይደለም» አሉኝ። አስበው ነበር። እኔም አስቤ ነበርና አለፍነው።

ባሌ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገባ። ፊቱ ከስቶ፣ ጺሙን ሳይላጭ ነው። ጫማውን ሳያወልቅ አንገቴን ሊያይ መጣ። ብርጭቆውን ፊቱ አቆምኩለትና ሁሉንም ነገርኩት፤ ጅረቷን፣ ነጋዴዋን፣ ነርሷን፣ ያላጠብኳትን ሻርፕ። ሳቀ። ከሚገባው በላይ ረዝሞ ሳቀ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ እጁን ወደ ሸሚዙ ኪስ ሰደደና አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ብርጭቆው አጠገብ አስቀመጠ።

«እኔም ነጻ ነኝ» አለ። «ተመርምሬያለሁ። እይው፣ ማኅተም አለው።»

ጥርሱን አሞት ጉንጩ ሲያብጥ ሳምንት ሙሉ ቅርንፉድ ነክሶ የዋለ ሰው ነው። ሐኪም ቤትን ከእኔ የበለጠ የሚጠላ ሰው ቢኖር እሱ ነው። ወረቀቱን አነሣሁ። እጥፋቱ ላይ ላብ ነክቶት ለስልሷል፤ ብዙ ጊዜ ወጥቶ የገባ ወረቀት ነው።

«ተመስገን፣ ልጄ» አሉ አማቴ። ከዚያ ደግሞ፣ «መቼ ነው የተመረመርኸው?» አሉት።

«ማክሰኞ ጧት። ክሊኒኩ ሲከፈት በር ላይ ነበርሁ።»

አማቴ ጣቶቻቸውን አዩ። «ማክሰኞማ» አሉ፣ «ገና አሥራ ሦስት ጣት ነበር።»

ባሌ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ላንች ብዬ ነው፣ እንዳትሰጊ ብዬ» አለ። «ደግ አደረግህ» አልኩትና ወረቀቱን በነበረበት እጥፋት መልሼ አጠፍኩት። ማጠፍ አያቅተኝም። ብርጭቆው ውስጥ እሷ ጭራዋን ሽቅብ አንሥታ ጠርዙን ትዞራለች።

በማግስቱ ልመልሳት ስነሣ አማቴ ነጠላቸውን ደርበው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ዓይናቸው እያስቸገራቸው፣ ክንዴን ይዘው፣ ያን ሁሉ መንገድ ከእኔ ጋር ወረዱ። ልጃቸው ቤት ነበር፤ ቁርሱን አላቀረቡለትም። ከጅረቷ ዳር ብርጭቆውን ስከፍት ክንፏን ያሳየቻቸው መሰለኝ፤ አየሁ አላሉኝም፣ አላየሁምም አላሉኝም።

አንገቴ ድኗል። ብርሃን ላይ ለሚያስተውል ሰው ስስ ጠይም መስመር ይታያል፤ ሁለቱ ጫፎች አልተገናኙም። ባሌ ዛሬም በመተማ መንገድ ነው፣ ዛሬም ስለ ጎማ ሩብ ሰዓት ያወራል፣ ቢጫዋን ሻርፕም አደርጋታለሁ። ያን ማክሰኞ ጧት ክሊኒኩ ሲከፈት በር ላይ ያቆመው ምን እንደሆነ እስካሁን አልጠየቅኩትም። ፈሪ ነኝ ብያችኋለሁ።